ኮዳህን ነቅንቅ

አብራችሁኝ የሠራችሁ ታውቁኛላችሁ። ሻርጃ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን በር ላይ በጥበቃ የምቆመው፣ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ ውሃ ሲሰጡኝ «ቆይ፣ ማታ» የምለው ሰውዬ እኔ ነኝ። «ሙሄ ግመሉ» ያላችሁኝም እናንተው ናችሁ። ስሙን ወድጄው ነበር፤ እንዲያውም እንደ ሹመት ነበር የምቆጥረው። ግመሉ ግን ኩላሊቱ የሰው ሆነና ተሸነፈ። ፀሐይ ላይ የምትውሉ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የኔን ሰምታችሁ ራሳችሁን እንድትጠብቁ ብዬ ነው የማወራችሁ። እንጂ ሰውነቴ ውስጥ ስለገባ ቱቦ ማውራት የሚያስደስተኝ ሰው አይደለሁም።

ነገሩ የጀመረው ኮሮና ከተማውን በዘጋው ዓመት፣ ረመዳን ሊገባ ሲል ነው። ቀኝ ጎኔን፣ ከጎድን አጥንቴ ሥር፣ ወጋ ወጋ ያደርገኝ ጀመር። «ብርድ ነው» አልኩ። ድንጋይ በሚቃጠልበት አገር ብርድ! ግን እኛ ወሎዬዎች ጎናችንን ሲወጋን ከብርድ ሌላ የምናውቀው ምክንያት የለንም። ረመዳን ገባ፤ ሁሉም ጾመኛ ሆነ፤ የኔን አለመጠጣት ማንም ልብ አላለውም። ስናፈጥር አንድ ብርጭቆ ውሃ እጠጣና ኸላስ፣ በቃኝ።

የምኖረው አጅማን፣ አል ኑዓይሚያ ነው። አልጋ በአልጋ ላይ የተደራረበበት ቢድ ስፔስ ነው፤ መጋረጃህን ስትዘጋ ቤትህ፣ ስትከፍት ሰፈርህ ነው። ከኔ በላይ የሚተኛው እንድሪስ የሚባል የሐይቅ ልጅ ነው። አል ሪጋ በሚባል ሰፈር አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ይሠራ ነበር፤ ሆቴሉ ሲዘጋ ግን ለኛ ሩዝ እየቀቀለ ቤት ዋለ። አንድ ቀን ከሹግል፣ ከሥራ ማለቴ ነው፣ ስመለስ ትኩሳት ጣለኝ። ትኩሳት ብቻ አይደለም፤ አልጋውን የሚያንቀጠቅጥ ብርድ ብርድ የሚል ነገር። እንድሪስ ከላይ ሆኖ «አንተ፣ ምድር ተንቀጠቀጠ እንዴ?» አለኝ። ጎንበስ ብሎ ሲያየኝ ግን ሳቁ ጠፋ።

ያኔ ትኩሳት ማለት ኮሮና ማለት ነበር። የክፍሉ ልጆች ተሰበሰቡ። ክፉዎች ሆነው አይደለም፤ ፈርተው ነው። አንዱ «ይውጣ፣ ሌላ ቦታ ይፈለግለት» አለ። እንድሪስ ጭልፋውን እንደያዘ ብቅ ብሎ «እሱ ከወጣ እኔም እወጣለሁ፤ ያላ፣ ሩዝ የሚቀቅልላችሁን ፈልጉ» አላቸው። ከዚያ በኋላ ስለ መውጣት የተናገረ የለም። በአላህ፣ እንዲህ ዓይነት ሰው አይጥፋባችሁ።

በማግስቱ ለምርመራ ስሄድ አፍንጫዬ ውስጥ እስከ አንጎሌ የሚደርስ የሚመስል ዱላ ከተቱብኝ። ውጤቱ «የለብህም» አለ። ክሊኒክ ስሄድ ግን ሐኪሙ ከመስታወት ጀርባ ሆኖ «ምርመራው አንዳንዴ ይሳሳታል፤ ለብቻህ ሁን» ብሎ የትኩሳት ኪኒን ሰጥቶ ሸኘኝ። ጎኔን እንደሚያመኝ ልነግረው እጄን ወገቤ ላይ ሳደርግ «አዎ፣ ኮሮና ሰውነት ይቆረጥማል» አለ። ትኩሳቱ አልለቅ ሲለኝ ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ። ታይፎይድ ነው አሉኝ፤ ለሕመሙ መርፌ ወጉኝ። መርፌው ሕመሙን አስተኛው፤ በሽታውን ግን አላስተኛውም። የነዚያን ክሊኒኮች መጠበቂያ ክፍል አልረሳውም። አንዱ ወንበር ክፍት፣ አንዱ ወንበር በቴፕ የታጠረ፣ ሰው ከሰው የማይነጋገርበት። አንድ ሰው ሲያስል ሁላችንም ዞረን እናያለን፤ ራሱ የሳለው ሰው ደግሞ ጣራ ጣራ ያያል።

ከኛ ፎቅ በታች ብርቱካን የምትባል የጎጃም ልጅ ነበረች። ሰው ቤት እየዞረች የምታጸዳ ነበረች፤ ማዳሞቹ ሁሉ በራቸውን ሲዘጉባት ሥራ ፈትታ ተቀምጣለች። እንድሪስ መታመሜን ሲነግራት አጥሚት መሥራት ጀመረች። በፔርሙስ ታመጣና በሩን አንኳኩታ ደረጃው ላይ ትርቃለች፤ ከዚያ ሆና ትጮሃለች።

«ሙሄ! በትኩሱ ጠጣው እንጂ!»

«እጾማለሁ እኮ ብርቱካን።»

«ታሞ አይጾምም! የናንተም ሃይማኖት እንደዚያ ነው የሚለው፤ አጣርቻለሁ!»

እውነቷን ነው፤ የታመመ አይጾምም። እኔ ግን ጾሜን ካቆምኩ በኋላም አጥሚቱን እስከ ማታ አስቀምጠው ነበር። ቀዝቅዞ ሲረጋ ነው የምጠጣው። ለምን እንደሆነ ለብርቱካን ብነግራት አብዷል ብላ ጸበል ትወስደኝ ነበር። ለእናንተ ግን እነግራችኋለሁ።

ወጣት ሳለሁ እግረኛ ወታደር ነበርኩ። የዘመትኩት አፋር በረሃ ነው። አዛዣችን ሻምበል አስናቀ ይባላሉ። ሻምበል ማዕረጉም ነው፣ ከመቶ ሰው በላይ የሚሆነው ጦራችንም ሻምበል ነው የሚባለው፤ ለኛ ግን ሻምበል ማለት እሳቸው ነበሩ። ቀጭን፣ ቁጡ ያልሆኑ፣ ወሬ የማያበዙ ሰው። ስንጓዝ ከፊት ናቸው፤ ስናርፍ የእያንዳንዳችንን እግር አይተው ነው የሚቀመጡት። ሰው እንዴት የሌላ ሰው ውኃ የቋጠረ እግር እያየ እንደሚከበር የተማርኩት ከሳቸው ነው።

አንድ ጥቁር ድንጋይ የለበሰ ጉብታ ንጋት ላይ ያዝን። ከያዝነው በኋላ ከኋላችን ያለው መንገድ በመድፍ ተዘጋ፤ የውሃ ቦቴ መምጣት አልቻለም። ሻምበል ሰበሰቡንና እንዲህ አሉን፦

«ያለን ውሃ በኮዳችሁ ያለውና ይኸ ጀሪካን ነው። ከአሁን ጀምሮ እኔ ሳላዝ በቀን ውሃ የሚነካ የለም። የቀን ውሃ ላብ ሆኖ ይሄዳል፤ የማታ ውሃ ለነገ ይቆያል። ፀሐይ ስትጠልቅ አንድ አንድ ጉንጭ። በቃ።»

ፀሐይ ስትጠልቅ ከምሽግ ምሽግ እየተሳቡ ይመጣሉ። «ኮዳህን ነቅንቅ» ይላሉ። ስንነቀንቅ ጆሯቸውን አስጠግተው ያዳምጣሉ፤ በድምፁ ስንት እንደቀረ ያውቃሉ። በቀን የጠጣ ሰው ካገኙ አይሰድቡትም። አጠገቡ ቁጭ ብለው ዝም ይላሉ፤ ከሳቸው ዝምታ ደግሞ ስድብ ይሻል ነበር። አንድ ቀልደኛ ልጅ «የእርስዎስ ኮዳ፣ ሻምበል?» አላቸው። ሳይቆጡ ፈትተው ነቀነቁለት። ድምፅ የለውም። ከጀሪካኑ የደረሳቸውን አንድ ጉንጭ ከኛ እኩል ሲጠጡ አይተናል፤ ኮዳቸውን ግን ጨርሰውታል ብለን አሰብን። ያጉረመረመም ነበር። እኔ ግን አዘንኩላቸው።

ከዚያ ጠላት በግራችን መጣ። የግራው ክንፍ አለቃ ወደቀ፤ ልጆቹ መሸሽ ጀመሩ። ሻምበል ገላጣውን ሜዳ ሮጠው ተሻገሩት። ጥይት ድንጋዩን ሲፈለፍለው እኛ አንገታችንን ቀብረናል፤ እሳቸው ባለቤት ያጣውን መትረየስ ጨብጠው ተጋደሙ። «ቆዩ» አሉ። «ቆዩ... ፊታቸው እስኪታያችሁ።» ድምፃቸው ገበያ ላይ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነበር፤ ምንም የተለየ ነገር የለበትም። በዚያ ድምፅ የሸሹት ተመለሱ። ጉብታው በእጃችን ቀረ።

የከፋው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ከጉብታው በታች፣ በሁለቱ ጦር መሃል፣ ቁስለኞቻችን ቀርተዋል። ቀትር ነው። «ውሃ» ይላሉ። ሁላችንም እንሰማለን። አንዳንዶቻችን ተነስተን «እኔ ልሂድ» ብንል ሻምበል በእጃቸው መለሱን። «ለዚህ የማዘው ሰው የለኝም» አሉና በሆዳቸው እየተሳቡ ራሳቸው ወረዱ። ከላይ ሆኜ አይቻለሁ። የመጀመሪያው ልጅ ጋ ሲደርሱ ኮዳቸውን ከፈቱ፤ ክዳኑ ሲወጣ ውሃው ተርፎ ፈሰሰ፤ በፀሐዩ ሲያብለጨልጭ እስከ ዛሬ ይታየኛል። ኮዳው ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ድምፅ ያልነበረው ባዶ ስለሆነ ሳይሆን ስላልተነካ ነው። ወላሂ፣ ያኔ ያለቀስኩትን ለእናቴ ሞትም አላለቀስኩም።

አንድ በአንድ እየጎተቱ አመጧቸው። የመጨረሻውን ሲያመጡ ጭናቸውን ተመቱ። ሲመሽ ቃሬዛ ላይ ስናደርጋቸው እጄን ያዙ።

«ሙሄ፣ የልጆቹን ኮዳ አንተ ስማልኝ።»

«እሺ ሻምበል» አልኩ።

ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። ቦቴው ሲመጣ ልጆቹ ውሃውን ጠጡት፣ ታጠቡበት፣ ተራጩበት። እኔ ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠበቅኩ። ጦርነቱ አለቀ፣ ተሰናበትኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ባሕር ተሻገርኩ፤ ትዕዛዙ ተነስቷል ያለኝ ግን የለም። ሞኝነት መሆኑ ጠፍቶኝ እንዳይመስላችሁ። ውሃ ሳልነካ ስውል ግን እነዚያ ልጆች አጠገቤ ያሉ ይመስለኛል። ማታ ጉንጬን ስሞላ ደግሞ አንድ ጆሮ ወደ ኮዳዬ የሚጠጋ ይመስለኛል። እዚህ አገር ስማችንን እንኳ አስተካክሎ የሚጠራን የለም፤ እዚያ ግን የኮዳዬን ድምፅ የሚያውቅ ሰው ነበረኝ። ናፍቆት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ወደ በሽታው ልመለስ። አንድ ጠዋት ሽንቴ ቀልቶ ካርካዴ መሰለ። ቆሜ ልወጣ ስል መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ወደቅሁ። እንድሪስ በሩን ገንጥሎ ገባ፤ ያየውን አየና ሽርጡን አስሮልኝ ተሸክሞኝ ወረደ። ሻርጃ አንድ ትልቅ ሆስፒታል በር ላይ ለጠባቂዎቹ አስረከበኝ፤ እሱን አላስገቡትም። ከመስታወቱ ውጪ ቆሞ እጁን ሲያውለበልብልኝ አየሁት። ደህና ሁን ይበለኝ አይዞህ ይበለኝ አላወቅሁም።

ያከመችኝ ኢራቃዊት ሐኪም ናት። ጎኔን ገና ስትነካኝ ጮህኩ፤ እሷም «ማን ነው ይኸን ኮሮና ያለው?» አለች። በአልትራሳውንድ አየችኝ። ሁለቱም ኩላሊቶቼ ውስጥ ጠጠር አለ፤ በቀኙ በኩል አንዱ ጠጠር መውረጃውን ዘግቶት ከኋላው መግል ሞልቷል። ያንቀጠቀጠኝ እሱ ነው። በዚያው ቀን ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርድ ቀጭን ቱቦ ከተቱልኝና መግሉ ወረደ። ወጪውን ኢንሹራንሱና የአገር ልጆች ሸፈኑት፤ አላህ ይስጥልኝ።

ስነቃ ሐኪሟ አልጋዬ ራስ ላይ ቆማ ነበር።

«በቀን ስንት ውሃ ትጠጣለህ?»

«ማታ እጠጣለሁ።»

«ሌሽ?» አለች፣ ለምን ማለቷ ነው።

«ልማድ ነው።»

«ስማኝ» አለች፣ «እኔ ቱቦውን ከፍቻለሁ። የቀረው ያንተ ነው። ኢሽረብ፣ ጠጣ፣ ቀንም ማታም። ካልጠጣህ የምንገናኘው ደም የሚያጥበው ማሽን ላይ ነው። እዚያም ከደረስክ ነው።»

ጠርሙሶቹን አጠገቤ ደረደሩልኝ። እኔም ፈራሁ፤ መሞትን የማልፈራ ጀግና አይደለሁም። በዚያ ዘመን ደግሞ እዚህ የሞተ እዚሁ ነበር የሚቀበረው፤ ሬሳ የሚጭን አውሮፕላን የለም። ሙአዚኑ «በየቤታችሁ ስገዱ» እያለ ሲጣራ እሰማለሁ። ኮምቦልቻ ያለችው ባለቤቴ ዘይነባ ትመጣብኛለች፤ ቀብሬን ሳታይ ትቀራለች እላለሁ። ጠርሙሱን አነሳለሁ። ክዳኑን እከፍታለሁ። መስኮቱ ላይ ፀሐይ አለች፤ እጄ ይመለሳል። አፌን አርሼ አስቀምጠዋለሁ። ብጠጣው ከዚያ ጉብታ ላይ የምወርድ፣ ልጆቹን ጥዬ የምሄድ ይመስለኛል። ነርሷ ጠዋት ስትመጣ ያልተነኩትን ጠርሙሶች አይታ ራሷን ትነቀንቃለች። በክንዴ የሚንጠባጠበው ግሉኮስ ይዞኝ እንጂ አልቆልኝ ነበር።

ሲደውልልኝ ውሃ አለመጠጣቴን የሰማው እንድሪስ ለዘይነባ ነገራት። ደወለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ውሃ የከለከለህ ማን ነው?»

ነገርኳት። ከተጋባን ጀምሮ ስለ ሻምበል ስትሰማ ኖራለች፤ ትዕዛዙን ግን አታውቅም ነበር።

«ቆይ እስቲ፣ ያገባኸው እኔን ነው ወይስ ሻምበሉን?» አለች። ልስቅ ስል ድምፅዋ ተሰበረ። «ሙሄዋ፣ እኔ ጠጣ ብልህ አትጠጣም አይደል?»

ስልኩን ዘጋችው። የተቀየመችኝ መስሎኝ ነበር።

ቀጥሎ የመጣልኝን የስልክ ጥሪ ከመንገሬ በፊት ከዚያ በኋላ የሆነውን ላሳጥርላችሁ። ድኛለሁ። ጠጠሩን በሌላ ጊዜ ሰባብረው አወጡልኝ፤ ቱቦውም ወጣ። ብርቱካን አጥሚቱን በትኩሱ ስጠጣላት ቆማ አጨበጨበች። እናንተም በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና ጎናችሁን ሲወጋችሁ፣ ሽንታችሁ ሲጠቁር ወይም ሲቀላ፣ ትኩሳትና ማንቀጥቀጥ ሲመጣ «ሙሽኪላ የለውም፣ ችግር የለም» አትበሉ። ሐኪሙ ሌላ ነገር ቢላችሁ እንኳ «ጎኔን እይልኝ» በሉት። የማስታገሻ መርፌ አሳረፈን ብላችሁ አትዘናጉ። ውሃ ደግሞ በፀሐይ ጠጡ። ማታ አትበሉኝ።

አሁን ጥሪው። ሆስፒታል ሆኜ፣ ቀትር ላይ፣ ከማላውቀው የአገር ቤት ቁጥር ተደወለ። ሳነሳው ጆሮ የሚበጥስ የወፍጮ ድምፅ ነው።

«ማን ልበል?»

«ሙሄ ነህ?» አለ ሽማግሌ ድምፅ፣ ከወፍጮው በላይ እየጮኸ። «አስናቀ ነኝ!»

ተነስቼ ተቀመጥኩ። ግሉኮሱ ተንቀጠቀጠ። ዘይነባ ደሴ ያለ አብሮኝ የዘመተ አንድ የጦራችንን ልጅ አፈላልጋ፣ እሱ ሌላውን ጠይቆ፣ ሌላው ሌላውን፣ ደብረ ሲና አንድ ወፍጮ ቤት ድረስ ደርሳባቸዋለች። እያነከሱ እዚያ ለሰው እህል ይፈጫሉ። ያ እግር አልዳነም።

«ሻምበል...» አልኩ።

«ባለቤትህ ነገረችኝ። አንተ ጅል!» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ከስልኩ አርቀው «ሞተሩን አጥፉት!» ሲሉ ሰማሁ። ሴቶች አጉረመረሙ፤ እህላቸው የወፍጮው አፍ ላይ ነው። «አጥፉት አልኩ!» ወፍጮው እየተንገራገጨ ቆመ። ያ ድምፅ ነው፤ ያው የጉብታው ድምፅ።

«የልጆቹን ኮዳ ሰማህልኝ?»

«ሰማሁ ሻምበል። ቦቴው እስኪመጣ።»

«ሁሉም ጠጡ?»

«ጠጡ።»

«አንተስ?»

የተደረደሩትን ጠርሙሶች አየኋቸው።

«አጠገብህ ውሃ አለ?»

«አለ።»

«ነቅንቅ።»

ጠርሙሱን አንስቼ ስልኩ አጠገብ ነቀነቅኩ። ደብረ ሲና ያለ ሰው ሁሉ ትንፋሹን የያዘ መሰለኝ።

«አይሰማኝም» አሉ።

«ሙሉ ነው ሻምበል። አልተነካም።»

ሲተነፍሱ ብቻ ይሰማኛል። የራሳቸው ኮዳ ትዝ ብሏቸው ይሆናል።

«ሰዓቱ ስንት ነው እዚያ?»

«ቀትር ነው። ፀሐይ አለች።»

«ጠጣ።»

ጠጣሁት። እንባዬም አብሮ ገባ፤ ጨው ጨው አለኝ። ሳላቋርጥ እስከ ታች ጠጣሁት። ስጨርስ ሳልታዘዝ ጠርሙሱን እንደገና ስልኩ አጠገብ ነቀነቅኩ። አሁንም ድምፅ የለውም።

«ባዶ ነው ሻምበል።»

«ጎበዝ» አሉ፤ ድምፃቸው ቀስ ብሏል። «ትዕዛዙ ተነስቷል ሙሄ። ልጆቹን እኔ እይዛቸዋለሁ። አሳርፍ።»

ወፍጮው ተነሳ።